የሽማግሌው ሣጥንና የልጅ ልጁ ጫማ

ተንቀሳቃሽ ሥዕል ወደ አዲስ አበባ በገባበት ዘመን የአራዳ ሰው ትርኢቱ የሚታይበትን ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ሰየመው አንባቢዎቻችን ያውቁታል። ይህ ስም ብዙ ጊዜ ለመሣቂያ ይነሣል። በእኛ አስተያየት ግን፥ በጨለማ ቤት ተቀምጦ ሰው ያለ ሥጋ በግድግዳ ላይ ሲመላለስ ያየ ቢደነግጥና ቢያማትብ የሚያስነቅፈው ነገር የለም። የዛሬው ነገር ከዚያ የሚለየው፥ ያ ቤት ከመንገድ ማዶ ስለ ነበረ የፈራ ሰው ሳይገባ ያልፈው ነበር፤ አሁን ግን ትርኢቱ ከመኝታ ቤታችን ድረስ ገብቶ በልጆቻችን እጅ ላይ ይበራል።

ይህን ለማለት ያነሣሡን፥ ባለፉት ሳምንታት በአራዳና በፒያሳ ከሚኖሩ፥ ወይም ቀድሞ በዚያ ይኖሩ ከነበሩ አንባቢዎቻችን፥ ስለ አንድ አሮጌ የእንግሊዝ የቴሌቪዥን ትርኢት የደረሱን ደብዳቤዎች ናቸው። ትርኢቱ «ዶክተር ሁ» ይባላል፤ ወደ ቋንቋችን ቢመለስ «ዶክተር ማን?» እንደ ማለት ነው። ልጆች ከኮምፒውተር እያወጡ ለአያቶቻቸው ያሳያሉ፤ እንግሊዝኛ ያልተማሩት አያቶችም በልጅ ልጆቻቸው አስተርጓሚነት ይከታተላሉ። ጸሓፊዎቹ የሚጠይቁን በአብዛኛው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፥ እንዲህ ያለውን አስደንጋጭ ነገር ለሕፃናት ማሳየት ይገባልን? የሚል ነው። ሁለተኛው፥ አንዱ ክፍል እጅግ መልካም ሆኖ ተከታዩ እጅግ ደካማ የሚሆነውን ሥራ ሰው ስለ ምን ይወደዋል? የሚል ነው። ሦስተኛ ጥያቄም አለ፤ ነገር ግን እርሱ ከሁለቱ ስለሚከብድ ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

ለማያውቁት አንባቢዎቻችን ነገሩን በአጭሩ እንግለጽ። ትርኢቱ በለንደን በቢቢሲ መጀመሪያ የታየው ኅዳር 13 ቀን 1956 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ ነው። ቀኑ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ በተገደሉ ማግሥት ነበረ። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ዋሽንግተን ሄደው ከቀብሩ ሥነ ሥርዓት ላይ የተገኙት በዚያው ሰሞን መሆኑን በዕድሜ የገፉ አንባቢዎቻችን ያስታውሳሉ። ዓለም በዚህ ወሬ ተይዞ ሳለ የወጣ ትርኢት ብዙ ዓይን ሊያገኝ ስላልቻለ፥ የመጀመሪያው ክፍል በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሁለተኛው አስቀድሞ ደግሞ እንዲታይ ሆነ። በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያ ገና ቴሌቪዥን አልነበራትም፤ የእኛው ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው ከአንድ ዓመት በኋላ በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ሩቅ ሳይሆን እዚሁ ከፒያሳ በላይ ከቆመው ከማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ ነበረ።

የታሪኩ መሠረት የቤተ ሰብ ነገር ነው። ማንነቱ ያልታወቀ አንድ ሽማግሌ ሱዛን ከምትባል የልጅ ልጁ ጋራ በአንድ ሣጥን ውስጥ ይኖራል። ሣጥኑ ከውጭ ሲያዩት በእንግሊዝ አገር በየመንገዱ ይቆም የነበረው የፖሊስ ስልክ ሣጥን ነው፤ ከውስጡ ሲገቡ ግን ከአዳራሽ ይሰፋል፤ ባለቤቱንም ወደ ፈለገው ዘመንና ወደ ፈለገው ዓለም፥ ይልቁንም ብዙ ጊዜ ወዳልፈለገው፥ ይወስደዋል። ከሱዛን አስተማሪዎች ሁለቱ፥ ኢየንና ባርብራ፥ የልጅቱ ነገር ቢያሳስባቸው እስከ ቤቷ ተከትለው ሄደው ሳያስቡት የጉዞው ተካፋዮች ይሆናሉ። ሽማግሌውን ሆኖ የተጫወተው ዊልያም ሃርትኔል ነው። ሥራውን እንድትመራ የታመነችውም ገና 28 ዓመት ያልሞላት ወይዘሪት ቬሪቲ ላምበርት ስትሆን፥ የመጀመሪያውን ታሪክ ያዘጋጀው በሕንድ አገር የተወለደው ወጣቱ ዋሪስ ሁሴን ነበረ። ለወጣት ትልቅ ሥራ አይሰጥም የሚሉ የመሥሪያ ቤት አለቆች ይህን ልብ ቢሉት አንጠላም።

አሁን ወደ ደብዳቤዎቹ እንመለስ። የመጀመሪያው ክፍል ሁሉንም አስደስቷል፤ ከተከታዮቹ ሦስት ክፍሎች የተደሰተ ግን አንድ ሰው ብቻ አገኘን፥ እርሱም የአምስት ዓመት ልጅ ነው። ሣጥኑ ወደ ጥንት ሰዎች ዘመን ይሄድና ቆዳ የለበሱ ዋሻ ነዋሪዎች እሳት ማን ያነድዳል፥ ያነደደውም አለቃ ይሁን እያሉ ሲጣሉ ይቆያሉ። ከሠራተኛ ሠፈር የጻፉልን አንዲት ወይዘሮ፥ በልጅነታቸው እሳት የጠፋበት ቤት ገል ይዞ ወደ ጎረቤት ልጅ ይልክና ፍም ያስጭር እንደ ነበረ ካስታወሱ በኋላ፥ ሦስት ክፍል ሙሉ ስለ እሳት የሚጣላ ሕዝብ ጎረቤት የሌለው መሆን አለበት ብለው ፈርደዋል። እኛም ከዚህ የተሻለ ትችት አላነበብንም።

ስለ አስደንጋጩ ነገር ስንናገር ዋናዎቹ ዳሌኮች ናቸው። እነርሱም በታኅሣሥ 1956 ዓ.ም. የወጡት፥ በብረት ቀፎ ውስጥ የሚኖሩ፥ እግር የሌላቸው፥ ድምፃቸው እንደ ተሰነጠቀ ቆርቆሮ የሚጮህ፥ ከራሳቸው ዘር በቀር ሌላው እንዲኖር የማይፈቅዱ ፍጥረቶች ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ትርኢቱን ያየው ሰው ቍጥር ከ4 ሚሊዮን ብዙም የማይበልጥ ሲሆን፥ የዳሌኮች ታሪክ እስኪፈጸም ድረስ ከ10 ሚሊዮን በላይ ደረሰ። የእንግሊዝ ልጆች ከወንበር ኋላ ተደብቀው ያዩት ነበር ይባላል። ደራሲው ቴሪ ኔሽን በእነርሱ እጅግ በለጸገ፤ መልካቸውን የነደፈው ሬይሞንድ ኩዚክ ግን የቢቢሲ ደመወዝተኛ ስለ ነበረ ከጥቂት ስጦታ በቀር ምንም አላገኘም። በውስጣቸው ያለው ነገርም ሌላ አይደለም፤ አንድ ሰው ጎማ ባለው ወንበር ተቀምጦ በእግሩ እየገፋ ይነዳቸዋል።

ይህን የመጨረሻውን ነገር ለልጆች መንገር ይገባል ወይስ አይገባም በሚለው እናቶች ተከፋፍለዋል። አንዲት እናት የስድስት ዓመት ልጃቸው ሁለት ሌሊት ከአልጋቸው አልወርድም ብሎ እንዳስቸገራቸው፥ በሦስተኛው ቀን ግን እንቅብ ደፍቶ ማማሰያ እንደ ጠመንጃ አነጣጥሮ ሠራተኛይቱን በጓሮ ሲያሯሯጥ እንዳገኙት ጽፈውልናል። እንግዲህ ልጁ ፍርሃቱን በራሱ እጅ አሸንፎታል። ምክራችንም ይህ ነው፤ ልጅ ብቻውን አይየው፥ ወደ መኝታም ሲሄድ አይየው፤ ቡና በሚፈላበት ሰዓት ታላላቆቹ ባሉበት ይየውና በኋላ እንደ ልቡ ይጫወት። የሰውዬውንና የወንበሩን ምስጢር ልጁ ራሱ ሲጠይቅ ብትነግሩት ይሻላል፤ ሳይጠይቅ ብትነግሩት ፍርሃቱን ብቻ ሳይሆን ደስታውንም ትወስዱበታላችሁ።

ስለ ሥራው አለመተካከል ብዙ ሰው ሳያዝን ይፈርዳል። ምክንያቱን ማወቅ ግን ፍርዱን ያለዝባል። በየሳምንቱ 25 ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ክፍል መውጣት ነበረበት፤ ተዋናዮቹ ሳምንቱን ሲለማመዱ ሰንብተው በአንድ ማታ፥ በጠባብና በሞቃት ስቱዲዮ፥ እንደ ቴአትር ሳያቋርጡ ይጫወቱታል። ሥዕሉ የሚቀረጽበት ቴፕ ውድ ስለ ነበረ፥ ቈርጦ መቀጠልም ብዙ ገንዘብና ድካም ስለሚጠይቅ፥ በመካከል የተሳተ ቃል እንደ ተሳተ ይቀራል። ለዚህ ነው ሃርትኔል አንዳንድ ጊዜ ንግግሩ ሲጠፋበት፥ ሲያወላውልና ሌላ ቃል ሲተካ የሚታየው። አንድ ተማሪ ይህን እንደ ነውር ቈጥሮ ጽፎልናል። ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ግን፥ ሽማግሌ ሲናገር ቃል ቢጠፋው ልጆች እስኪያገኘው ዝም ብለው መጠበቅ እንጂ መሣቅ አይገባቸውም፥ ይልቁንም ሽማግሌነቱን ያሳመነኝ ይኸው ነው ብለዋል። ሃርትኔል በኋላ በሕመም ምክንያት በጥቅምት 1959 ዓ.ም. ቦታውን ለፓትሪክ ትራውተን እንደ ለቀቀ ስናስብ የአዛውንቱ ፍርድ የበለጠ ይታየናል። በነገራችን ላይ ሃርትኔል ሥራውን ሲጀምር ዕድሜው 55 ዓመት ብቻ ነበረ፤ ይህን የሰሙ የ57 ዓመት አንድ ሹም «ሽማግሌ» መባሉን አጥብቀው ተቃውመዋል።

በየካቲት 1957 ዓ.ም. ስለ ወጣው ስለ ጉንዳኖቹ ዓለም ብዙ መናገር አያስፈልግም። ሰው የሚያህሉ ጉንዳኖችና ክንፍ ያላቸው ሰዎች ይዋጋሉ፤ ከጉንዳኖቹም አንዱ ሲሮጥ መጥቶ ከካሜራው ጋራ ይላተማል፤ እርሱም እንዲሁ ቀረ። የመጀመሪያውን ክፍል 13 ሚሊዮን ተኩል ሰው አይቶት ነበር። ስድስቱን ክፍል እስከ ፍጻሜው ያየ ከአራዳ ሰው አንድም አልጻፈልንም።

ከዚህ ይልቅ በግንቦት 1956 ዓ.ም. የወጣው የአዝቴኮች ታሪክ እንዳያመልጣችሁ እንመክራለን። አዝቴኮች በሜክሲኮ አገር የነበሩ፥ በጥበብ የገፉ፥ ዳሩ ግን ሰው ለፀሓይና ለዝናብ የሚሠዉ ሕዝብ ናቸው። አስተማሪዋ ባርብራ የሞተ ሊቀ ካህናት ተመልሶ እንደ መጣ ተቈጥራ ሥልጣን በእጇ ሲገባ፥ ይህን ክፉ ልማድ በአንድ ቃል ልትሽር ትነሣለች። አልሆነላትም። ትእዛዟን የሚያፈርሰው የካህናቱ ክፋት ብቻ ሳይሆን፥ ሊሠዋ የተመረጠው ሰው ራሱ መትረፉን እንደ ውርደት መቍጠሩ ነው። በመጨረሻም ልቡን ልትመልስ የቻለችው አንድ ሰው ብቻ ነው። በአውራጃ አስተዳደር ብዙ ዘመን ያገለገሉ አንድ አንባቢ ስለዚህ ክፍል አራት ገጽ ጽፈውልናል። በወጣትነታቸው ጎጂ ልማድ የሚከለክል ትእዛዝ ይዘው ወደ አንድ ወረዳ ሄደው በደብዳቤ ብዛት ሊያስቀሩት እንደ ሞከሩ፥ ሕዝቡም ደብዳቤውን ተቀብሎ እጅ ነሥቶ ልማዱን በሌሊት እንደ ቀጠለ ይናገራሉ። ባርብራ ተሸንፋለች የሚለውን አይቀበሉም፤ አንድ ሰው መልሳለችና ከእኔ ትሻላለች ይላሉ። እኛ ደግሞ የምንጨምረው ቢኖር፥ ያ አንድ ሰው ማዕረጉንና ንብረቱን ትቶ ብቻውን ወደ ምድረ በዳ መሄዱን ነው፤ የሰው ልብ ሲመለስ ዋጋውን የሚከፍለው መላሹ ሳይሆን ተመላሹ ሆነ።

በዚሁ ታሪክ ውስጥ ሽማግሌው ዶክተር ከአንዲት ደግ ሴት ጋራ ኮኮዋ አፍልቶ ይጠጣል፤ የአገሩ ልማድ ይህን እንደ ማጨት ይቈጥረዋልና ሳያውቅ ታጨ። በአንድ ቤት ይህን ያዩ ወይዛዝርት ፊልሙን አስቁመው ሲስቁ እንደ ቆዩ ሰምተናል። ሕጉ በቡና ላይ ቢሠራ ኖሮ በአራዳ ያልታጨ ሽማግሌ ባልተገኘ ነበር።

ከመልካሙም ከደካማውም ክፍል ብዙው ዛሬ የለም። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ዓመታት ከወጡት 253 ክፍሎች ወደ 100 የሚጠጉት ጠፍተዋል። ጠላት አላቃጠላቸውም፤ ቢቢሲ ራሱ ቴፖቹን ለሌላ ሥራ ለማዋል ደመሰሳቸው፥ ለውጭ አገር ሽያጭ የተዘጋጁትንም የፊልም ቅጂዎች እስከ 1970 ዓ.ም. ድረስ ጣላቸው። ስለ ማርኮ ፖሎ ጉዞ የተሠራው ሰባት ክፍል ያለው ታሪክ አንድም ክፍል አልተረፈውም፤ የቀረው ተመልካቾች በየቤታቸው በቴፕ የቀዱት ድምፅና ጥቂት ፎቶግራፍ ብቻ ነው። የፊልም ቅጂዎቹ በየአገሩ ተሸጠው ነበር፤ ከገዙትም መካከል ናይጄሪያና ኢትዮጵያ ይገኙባቸዋል። በናይጄሪያ በጆስ ከተማ በአንድ የቴሌቪዥን ማሠራጫ ጣቢያ መደርደሪያ ላይ፥ ጠፉ የተባሉ ዘጠኝ ክፍሎች በአቧራ ውስጥ ተገኝተው በ2006 ዓ.ም. ለሕዝብ ተገልጠዋል።

ይህን ነገር ከጻፍንላቸው በኋላ፥ ቀድሞ በዶሮ ማነቂያ ይኖሩ የነበሩ፥ ሠፈሩ በ2016 ዓ.ም. ለከተማው ልማት ሲፈርስ ወደ ሌላ የሄዱ አንድ አባት መልሰውልናል። እንዲህ ይላሉ፤ የፈረሰው ቤታቸው ጣሪያው የሚያፈስ፥ ወለሉ የተጣመመ፥ ምንም የማይመሰገን ቤት ነበረ፤ አሁን የሚኖሩበት ከእርሱ በሁሉ ነገር ይሻላል፤ ነገር ግን የልጅ ልጃቸው የአባቷን የልጅነት ቤት አሳየኝ ስትላቸው የሚያሳዩአት አንድ ፎቶግራፍ እንኳ የላቸውም። ማርኮ ፖሎም መልካም ይሁን ደካማ ማን ያውቃል ብለው ይጠይቃሉ። ስለዚህ በየቤታችሁ ያለውን አሮጌ የፊልም ጥቅልና የድምፅ ክር፥ አይረባም ብላችሁ ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ምን እንዳለበት እንድታዩ እንለምናለን። የማይረባም ይሆናል፤ ቢሆንም ይታይ።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ደረስን፤ ስለ እርሱ የደረሰን ደብዳቤ ከሁሉ ይበዛል። ነገሩ እንዲህ ነው። በታኅሣሥ 1957 ዓ.ም. በተፈጸመው ታሪክ ዳሌኮች ምድርን ይይዛሉ፤ ሱዛንም ከአርበኞቹ መካከል ዳዊት የሚባለውን ጎልማሳ ትወዳለች። ዳሌኮች ከተሸነፉ በኋላ ዳዊት አብራው እንድትኖር ይለምናታል፤ እርሷ ግን አያቴ አርጅቷል፥ ያለ እኔ ሰው የለውም ብላ ልትሄድ ትቆርጣለች። ሽማግሌው ይህን ከሣጥኑ ውስጥ ይሰማል። በሩን ዘጋባት። ደግ ቃል ከውስጥ ሆኖ ተናገራት፥ እንደሚመለስም ነገራት፥ ሄደም። ልጅቱ በፍርስራሹ መካከል ቆማ ቀረች።

ይህን አይተው ያላለቀሱ ጥቂቶች ናቸው፤ ስለ ፍርዱ ግን ቤተ ሰብ ከቤተ ሰብ፥ እናት ከልጅ ተለያይተዋል። ብዙ አባቶች ሽማግሌውን ያመሰግናሉ። ልጅ እያረጀ ላለ ሰው ስትል ዕድሜዋን ማሳለፍ የለባትም፥ ራሷ ልትቆርጥ ያልቻለችውን እርሱ ቆረጠላት፥ ልቡ እየተቀደደ መርቆ ዳራት ይላሉ። ይህ ከባድ አሳብ ነው፤ እኛም አናቃልለውም። በየቤታችን አሮጊት እናትን ለማስታመም ሳያገቡ የቀሩ ሴቶች ልጆች አሉ፤ ማንም በር ዘግቶ ሂጂ አላላቸውም።

በሌላ ወገን ግን ዕድሜአቸው ከ80 ዓመት ያለፈ አንዲት እመቤት በልጅ ልጃቸው እጅ ያስጻፉት ደብዳቤ አለ። እርሳቸው በአሥራ አራት ዓመታቸው ተዳሩ። አባታቸው ይወዱአቸው ነበር፤ ባልየውም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከእርሱም ጋራ ብዙ ዘመን በሰላም ኖረዋል። ነገር ግን በሠርጉ ማግሥት አባታቸው በሌሊት ተነሥተው ሳይሰናበቱአቸው ወደ አገራቸው እንደ ተመለሱ፥ ይህንም ያደረጉት ልቅሶዋን እንዳላይ ብለው መሆኑን በኋላ እንደ ሰሙ ይናገራሉ። ባሉን አልቃወምም፥ በሩን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም ብለዋል።

በመጀመሪያው ክፍል ሱዛን አሥራ አምስት ዓመቷ እንደ ሆነ ይነገራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ለሴት ልጅ ጋብቻ 15 ዓመትን፥ ለወንድ 18ን ይወስን ስለ ነበረ፥ ትርኢቱ በወጣበት ዘመን የነበረ የአራዳ ዳኛ በዕድሜዋ ነገር አንዳች ነቀፋ ባላገኘ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ግን ለሁለቱም 18 ዓመት አደረገው፤ እንግዲህ በዛሬው ዳኛ ፊት ነገሩ ከመጀመሪያው ይወድቃል። ደብዳቤዎቹን ለይተን ስናይም ክፍፍሉ በወንድና በሴት ብቻ አለመሆኑን አስተውለናል፤ በአሮጌው ሕግ ዘመን ልጅ የዳሩት ሽማግሌውን ሲያመሰግኑ፥ በአዲሱ ሕግ ዘመን ያደጉት ይከሱታል። ፈቃድን ግን ሁለቱም ሕጎች ይጠይቃሉ። የእኛ ፍርድ የሚያርፈውም በዚህ ላይ ነው። ሽማግሌው ልጅቱ የምትወደውን ዐውቆ ሊሆን ይችላል፤ የሚሻላትንም ዐውቆ ሊሆን ይችላል፤ በሩን ከፍቶ ሊጠይቃት ግን አንድ ደቂቃ አልሰጣትም። ልቅሶዋን ሊያይ ስላልቻለ ዘጋው እንጂ ለእርሷ ብሎ ብቻ አልዘጋውም። የአራዳይቱ እመቤት ይህን ከእኛ ቀድመው ዐውቀውታል።

በደብዳቤአቸው ግርጌ አንድ ጥያቄ አስጽፈዋል። ሽማግሌው በሩን ከመዝጋቱ በፊት የልጅቱ ጫማ ተበስቶ አይቶ፥ እንዲጠገን ብሎ አንዱን ከእግሯ ወስዶት ነበር፤ ሲሄድም ጫማው በእጁ ቀረ። ልጅቱ በአንድ እግሯ ባዶውን ቆማ መቅረቷን እመቤቲቱ አስተውለዋል፤ ተመልሶ መጥቶ ሰጥቷታል ወይ ብለው ይጠይቃሉ።

መልሳችን ይህ ነው። በኅዳር 1976 ዓ.ም. ለሃያኛው ዓመት መታሰቢያ በወጣው ልዩ ትርኢት ሱዛንና አያቷ ተገናኝተዋል፤ ሆኖም ሃርትኔል ቀድሞ ሞቶ ስለ ነበረ ሽማግሌውን የተጫወተው ሌላ ሰው፥ ሪቻርድ ኸርንዶል ነበረ። ሱዛንን የተጫወተችው ካሮል አን ፎርድ በግንቦት 2017 ዓ.ም. በአዲሱ ትርኢት ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ደግማ ታይታለች። ስለ ጫማው ግን በሁለቱም ጊዜ ማንም አላነሣም።